ያውቁ ኖሯል? የሚያሳክክ ራስ፣ የአምቦ ውኃ እና የሻምፖ ምርጫ

ሁለት ብርጭቆ ያቅርቡ። በአንዱ ጋዙ ወጥቶ የሰከነ አምቦ ውኃ፣ በሌላው የዝናብ ውኃ ይቅዱ። ከገላ ሳሙና በቢላ ጥቂት ፍቀው እኩል እኩል ይጨምሩና አፋቸውን በመዳፍዎ ከድነው ይነቅንቋቸው። የዝናቡ ውኃ ወዲያው አረፋ ይሞላል። አምቦ ውኃው ግን ይደፈርሳል፤ አረፋ በማንሣት ፋንታ እንደ ተበጣጠሰ ወተት ነጭ ፍርፋሪ ያንሳፍፋል። አሁን ብርጭቆዎቹን አጥበው በሳሙናው ቦታ ጥቂት ሻምፖ ጠብ ያድርጉባቸው። ሁለቱም ያረፋሉ። የዛሬው ዓምዳችን ከዚያ ነጭ ፍርፋሪ ይነሣል፤ ራስ ላይ ሲቀር ብዙ ጊዜ «ፎረፎር» እየተባለ በሐሰት ይታማልና።

ከውኃው እንጀምር

• ፍርፋሪው ሳሙናና ማዕድን ሲገናኙ የሚፈጠር መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ሳሙና ውኃ ውስጥ ካለ ካልሲየምና ማግኒዥየም ጋር ሲዋሐድ የማይሟሟ ዝቃጭ ይሆናል። የሁለቱንም ማዕድናት ስም በአምቦ ውኃ ጠርሙስ ላይ ከባይካርቦኔትና ከሶዲየም ጎን ያገኙታል። ዝቃጩ ፀጉር ላይ ሲደርቅ ያሻክራል፣ ያደበዝዛል፣ ሲያኩት ይረግፋል። በአብዛኞቹ ሻምፖዎች ውስጥ ያሉት አጣቢዎች ግን እንዲህ አይጋገሩም።

• በንጉሡ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል የነበረችው አምቦ ውኃዋን በጠርሙስ ማሸግ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው። በማዕድን ውኃ መዋኛዋ ዋኝተው ሲወጡ ራስዎን በተራ ንጹሕ ውኃ ይለቅለቁ፤ ውኃው ይተናል፣ ማዕድኑ ግን ፀጉር ላይ ይቀራል።

• የቤትዎ ውኃ ማዕድን የበዛበት መሆኑን ማንቆርቆሪያዎ ይነግርዎታል። ውስጡ ነጭ ቅርፊት ከጋገረ ውኃው «ከባድ» ነው። ጊንጪም ይኑሩ ጉደር፣ ጌዶም ይኑሩ ባኮ፣ የጉድጓዱ፣ የምንጩና የቧንቧው ውኃ ጠባይ ሊለያይ ይችላል። ከባድ ውኃ ባለበት ቤት ራስን በደረቅ ሳሙና ማጠብ ትርፉ ዝቃጭ ነው።

• የዝናብ ውኃ ማዕድን ስለሌለው ለፀጉር የተመቸ ነው። ከቆርቆሮ ጣራ የሚወርደውን የመጀመሪያውን ውኃ ግን አይያዙት፤ አቧራውንና የወፍ ኩሱን አጥቦ የሚመጣው እርሱ ነው።

ከእንዶድ እስከ ጠርሙስ

• በኦሮምኛ ሀንዶዴ የሚባለው እንዶድ ጋቢና ነጠላ የሚያነጣው ሳፖኒን የተባለ፣ ከውኃ ጋር ሲመታ የሚያረፋ ንጥረ ነገር ስላለው ነው። ዶ/ር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ይህ ምልከታ ቢልሃርዚያን ለመከላከል ለተደረገ የዓመታት ምርምር በር ከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶ/ር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አስገኝቶላቸዋል።

• ለራስ ቆዳ ትምህርቱ ምንድን ነው? ጋቢ የሚያነጣው ያው ሳፖኒን የቀንድ አውጣን ሕዋስ ይበሳል። እንዶድ የወቀጠ ሰው ዱቄቱ ዓይንና አፍንጫ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። «ተፈጥሯዊ» ማለት «ለዘብ ያለ» ማለት አይደለም። ለሚቆጣ ራስ እንዶድ አይመከርም።

• አፋር ውስጥ የቁርቁራ ቅጠል ለፀጉር ማጠቢያነት እንደሚያገለግል ያውቁ ኖሯል? እርሱም ሳፖኒን አለው። የጠርሙስ ሻምፖ ሳይመጣ በፊት ሰው ፀጉሩን በምንም አያጥብም ነበር ማለት ስሕተት ነው።

• «ሻምፖ» የሚለው ቃል ማጠብ ማለት አልነበረም። የመጣው ከሂንዲ ሲሆን ትርጉሙ መጫን፣ ማሸት ነው። ሼክ ዲን መሐመድ የተባለ ሕንዳዊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በእንግሊዟ ብራይተን ከተማ መታሻና መታጠቢያ ቤት ከፍቶ ቃሉን አስለመደ። ዛሬም በጣት ጫፍ ቀስ ብሎ ማሸት ከአስተጣጠቡ ሁሉ ዋናው ነው፤ በጥፍር መፋቅ ግን ቆዳን ያቆስላል።

• በርሊናዊው የመድኃኒት ነጋዴ ሐንስ ሽቫርትስኮፍ እ.ኤ.አ. በ1903 በገበያ ላይ ያዋለው ሻምፖ ዱቄት ነበር፤ ፈሳሹን ያቀረበው በ1927 ነው። ከሳሙና ሳይሆን ከሰው ሠራሽ አጣቢ የተሠራው ሻምፖ የመጣው በ1930ዎቹ ሲሆን፣ በከባድ ውኃም የሚያረፋው እርሱ ነው።

ራስዎን የሚያሳክክዎ ማነው?

• ደረቅ ራስና ፎረፎር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያውቁ ኖሯል? የደረቀ ቆዳ ቅርፊት ደቃቅ፣ ነጭና ደረቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ እጅና እግርም አብረው ይደርቃሉ። የፎረፎር ቅርፊት ከፍ ያለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላና ቅባታም ሲሆን ከሥሩ ቆዳው ሊቀላ ይችላል። የመጀመሪያው ለዘብ ያለ ሻምፖ ይበቃዋል፤ ሁለተኛው መድኃኒትነት ያለው ሻምፖ ይፈልጋል።

• ፎረፎርን የሚያባብሰው ማላሴዚያ የተባለው ፈንገስ በጤነኛ ሰው ራስ ላይም ይኖራል። የሚያስፈልገውን ቅባት ራሱ መሥራት ስለማይችል ከእኛ ይወስዳል። ከቅባቱ የሚስማማውን በልቶ የሚተወው ትራፊ ነው ቆዳውን የሚያስቆጣው።

• ስለዚህ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ከገበያ የመጣው ለጋ ቅቤ ለማን ይሆናል? ፎረፎር ለሌለበት ደረቅ ፀጉር ቅቤ ጥሩ ማለስለሻ ነው፤ እናቶቻችን ያለ ምክንያት አልቀቡትም። ፎረፎር ያለበት ራስ ቆዳ ላይ ሲቀባ ግን ፈንገሱን መቀለብ ይሆናል። ቅርፊቱ ለጥቂት ሰዓት ረጥቦ የጠፋ ይመስላል፤ በሦስተኛው ቀን በዝቶ ይመለሳል። መቀባት ካልቀረ ዘለላው ላይ እንጂ ቆዳው ላይ አይሁን።

• የልጅ ራስ ላይ ክብ ክብ እየሠራ ፀጉር የሚያረግፈው ቆረቆር ሌላ ፈንገስ ነው። ፀጉሩ ውስጥ ስለሚገባ በሻምፖ ብቻ አይድንም። እንደ ግሪሲዮፉልቪን ያለ የሚዋጥ መድኃኒት ለሳምንታት መውሰድን ይጠይቃል። የፈንገስ ሻምፖ የሚረዳው ወደ ሌላው ልጅ እንዳይዛመት ነው። ማበጠሪያ፣ ኮፍያና የፀጉር መቁረጫ መዋዋስ ያዛምተዋል።

• ቅማል አይዘልም፣ አይበርም፤ ከራስ ወደ ራስ የሚሄደው በመነካካት ነው። ከጆሮ ጀርባና ከማጅራት በላይ ፀጉር ላይ ተጣብቆ በጣት ሲጎትቱት የማይንሸራተት ነጭ ነጥብ ካዩ ቅጫም ነው። ፎረፎር ግን ሲነፉት ይበናል። ለቅማል የሚሆን ሻምፖ ዕንቁላሉን ሁሉ ስለማይገድል ከሳምንት ገደማ በኋላ ይደገማል።

• አራስ ልጅ ራስ ላይ የሚጋገረው ቢጫ ቅርፊት የንጽሕና ጉድለት ምልክት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ በራሱ ይለቃል። በጥቂት ዘይት አርጥቦ፣ በለስላሳ ብሩሽ ቀስ ብሎ አንሥቶ፣ በሕፃናት ሻምፖ አጥቦ ማስለቀቅ ይበቃል። በጥፍር አይላጥ።

• ሻምፖ አልስማማ ሲል ምልክቱ ብዙ ጊዜ ራስ ላይ ሳይሆን ዓይን ቆብ፣ ከጆሮ ጀርባ፣ ግንባርና አንገት ላይ እንደሚወጣ ያውቁ ኖሯል? የራስ ቆዳ ወፍራም ነው፤ አረፋው ሲወርድ የሚያገኘው የዓይን ቆብ ግን እጅግ ስስ ነው። ምልክቱ ከታጠቡ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ዘግይቶ ስለሚታይም ጥፋተኛው ሳይታወቅ ይቀራል።

• የፀጉር ቀለምም አንዱ ተጠርጣሪ ነው። በጥቁር ቀለሞች ውስጥ የተለመደው ፒፒዲ የተባለው ንጥረ ነገር ብርቱ አለርጂ በማስነሣት ይታወቃል። ፀጉር ቤት ቀለም ተቀብተው በነጋታው ራስዎ ካበጠ ሻምፖ መቀየር መፍትሔ አይሆንም።

ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ

• አረፋ የንጽሕና መለኪያ አይደለም። ለዘብ ያሉ ሻምፖዎች ብዙ ጊዜ አረፋቸው አነስተኛ ነው። «አላረፋልኝም» ብሎ ሦስቴ መደጋገም የቆዳን ተፈጥሯዊ ቅባት ጠርጎ መውሰድ ነው።

• ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት የተባለውን አጣቢ የቆዳ ተመራማሪዎች ቆዳን ሆን ብለው ለማስቆጣትና የመቆጣትን ሂደት ለማጥናት እንደሚጠቀሙበት ያውቁ ኖሯል? መርዝ ስለሆነ አይደለም፤ የሚያስቆጣ መሆኑ የታወቀ ስለሆነ ነው። ስሙ የሚቀራረበው ሶዲየም ሎሬት ሰልፌት ከእርሱ ይለዝባል። የሚቆጣ ራስ ያለው ሰው ሰልፌት የሌለበትን ቢመርጥ ይሻለዋል።

• በሰልፌት ፈንታ የሚገቡት ኮካሚዶፕሮፒል ቤታይንና ዴሲል ግሉኮሳይድ ለብዙ ሰው ይስማማሉ። ይሁንና የአሜሪካ የንክኪ አለርጂ ሐኪሞች ማኅበር በየዓመቱ ከሚሰይመው «የዓመቱ አለርጂ አስነሺ» ውስጥ ቤታይኑ እ.ኤ.አ. በ2004፣ ግሉኮሳይዶች በ2017 ተሰይመዋል። ለሁሉም የሚሆን ሻምፖ የለም።

• እ.ኤ.አ. በ2013 ይኸው ስም የተሰጠው ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን ለተባለው መከላከያ ነው። ሻምፖ እንዳይበላሽ የሚጨመር ነው። የአውሮፓ ኅብረት ታጥቦ በማይወገድ ቅባት ውስጥ ከልክሎታል፤ ታጥቦ በሚወገደው ውስጥ ደግሞ ከ0.0015 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል። ከጠርሙሱ ጀርባ ይህን ረጅም ስም ይፈልጉት።

• «ሽታ የሌለው» እና «ሽቶ ያልተጨመረበት» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ጠረኑን የሚሸፍን ሌላ ሽቶ ሊኖረው ይችላል። ቆዳዎ የሚቆጣ ከሆነ የሚፈልጉት ሁለተኛውን ነው። የላቬንደር፣ የሻይ ዛፍና የፔፐርሚንት ዘይትም ሽቶ ናቸው፤ ቆዳን ሊያስቆጡ ይችላሉ።

• «አለርጂ አያስነሣም» የሚለው ማስታወቂያ በአሜሪካ የሕግ መለኪያ የለውም። የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1975 ኩባንያዎች በሙከራ እንዲያረጋግጡ ደንብ አወጣ፤ ሁለት ኩባንያዎች ተከራክረው በ1977 ደንቡ በይግባኝ ፍርድ ቤት ተሻረ። ቃሉ ግን ጠርሙስ ላይ ቀርቷል።

• የራስ ቆዳ በመጠኑ አሲዳማ ነው፤ ፒኤች የተባለው የአሲድነት ልኬቱ ወደ 5.5 ይጠጋል። ደረቅ ሳሙና ከ9 እስከ 10፣ የሎሚ ጭማቂ ወደ 2፣ ፀጉር የሚያለሰልሰው ሪላክሰር ከ12 በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የብራዚል ጥናት 123 ሻምፖዎችን ለክቶ ከ3.5 እስከ 9 የሚደርስ ልዩነት አግኝቷል። «ፒኤቹ የተመጣጠነ» የሚል ጽሑፍ ካለበት ሚዛኑ ወደ ቆዳዎ ይቀርባል።

• የሕፃናት ሻምፖ ዓይን እንዳያቃጥል ተብሎ የተሠራ ነው፤ አጣቢው ለዘብ ያለ ነው። ለተቆጣ ራስ ጊዜያዊ ማረፊያ ይሆናል። ሽቶ ግን ብዙውን ጊዜ አለበት፤ ጠርሙሱ ላይ ሕፃን ስለተሳለ ብቻ አይመኑት።

• ፎረፎር ሻምፖ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት የቆየው ዚንክ ፒሪቲዮን እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2022 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት መዋቢያዎች ውስጥ ተከልክሏል፤ በብዙ ሌሎች አገሮች ግን አሁንም ይሸጣል። ኪቶኮናዞልና ሴሊኒየም ሰልፋይድ ሌሎች አማራጮች ናቸው።

• በእኛም አገር መዋቢያ ያለ ሕግ አይደለም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መዋቢያዎችንም ይመለከታል። መለያው የተላጠ፣ ክዳኑ የተከፈተ፣ የአምራቹ ስምና የአገልግሎት ጊዜው የማይነበብ ጠርሙስ በርካሽ ቢገኝም ይለፍዎት።

አስተጣጠቡ

• የተጠቀለለ ፀጉር ላይ የቆዳው ቅባት እስከ ጫፍ አይወርድም። ለዚህ ነው ሥሩ ቅባታም ሆኖ ጫፉ የሚደርቀው። የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች አካዳሚ ለጥቁር ሰዎች ፀጉር የሚመክረው በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ መታጠብን ነው። ሹሩባ ከተሠሩ በኋላ ወር ሙሉ ውኃ ሳይነካ መቆየት ግን ፎረፎር ላለበት ራስ አይበጅም።

• ሻምፖ ለቆዳ ነው፤ ኮንዲሽነር ለዘለላ። ሻምፖውን በመዳፍዎ አርጥበው ቆዳው ላይ ብቻ ያሹ፤ ሲለቀለቁ የሚወርደው አረፋ ዘለላውን ያጥበዋል። ኮንዲሽነሩን ከመሐል እስከ ጫፍ ይቀቡ።

• በጋ ላይ አየሩ ሲደርቅ፣ ማለዳው ሲቀዘቅዝ፣ ትኩስ ውኃ ያምራል። ቆዳውን የበለጠ የሚያደርቀውም እርሱ ነው። ለብ ያለ ይሁን። የፀጉር ቤቱ ካስክም ሙቀቱ ዝቅ ይበል።

• የኪቶኮናዞል ሻምፖ ቀብተው ወዲያው ካጠቡት ገንዘብዎን ወደ ቦይ አፈሰሱ ማለት ነው። ቆዳው ላይ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ መቆየት አለበት፤ ብዙ ጊዜ በሳምንት ሁለቴ፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት። በመሐሉ ባሉት ቀናት ለዘብ ያለውን ሻምፖ ይጠቀሙ።

• ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ማሳከክ ሲበዛ ሻምፖው ላይ ከመፍረድ በፊት አለቃለቁን ይመርምሩ። በአንድ ጆግ ውኃ ተለቅልቆ የቀረ አረፋ ራሱ ያሳክካል። ትንሽ ሻምፖ፣ ብዙ መለቅለቅ።

• ሊያልቅ የደረሰ ሻምፖ ላይ ውኃ ጨምሮ ማቆየት ቁጠባ ይመስላል። ውኃው መከላከያውን ያቀጥነዋል፣ ጠርሙሱ ውስጥም ባክቴሪያ ሊራባ ይችላል። ማቅጠን ካስፈለገ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ በኩባያ ይበጥብጡ።

• አዲስ ሻምፖ ሲገዙ ትንሽዬውን ጠርሙስ ይግዙ። ከክንድዎ መታጠፊያ ውስጥ ጥቂት ቀብተው ለአምስት ደቂቃ ያቆዩና ይጠቡት፤ ይህንኑ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ይድገሙ። ካልቀላ፣ ካላሳከከ ወደ ራስዎ ይውሰዱት።

• ላሽ ሲወጣ ነጭ ሽንኩርት ፈትጎ ማሸት የቆየ ልማድ ነው። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ቆዳን እንደ እሳት ያቃጥላል፤ ውኃ ያቋጠረ ቁስል ይዘው ክሊኒክ የሚመጡ አሉ። ሎሚም በተቧጨረ ራስ ላይ ይለበልባል፤ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን ሊያጠቁርና ሊያሳብጥ ይችላል።

ሐኪም ዘንድ መቼ?

• ለዘብ ያለ ሻምፖ ለአንድ ወር ሞክረው ማሳከኩ ካልቀነሰ፣ ቁስል ወይም መግል ከታየ፣ ፀጉር በክብ ከረገፈ፣ ብርማ ወፍራም ቅርፊት ከተጋገረ፣ የልጅ አንገት ላይ ዕጢ ካበጠ ሻምፖ መቀያየሩን ይተዉት። መጀመሪያ የአካባቢዎን ጤና ጣቢያ ይጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተመሠረተው የአዲስ አበባው አለርት ሆስፒታል ዛሬ ለልዩ ልዩ የቆዳ ሕመሞች ከሚታወቁት የአገሪቱ ማዕከላት አንዱ ነው። ሲሄዱ የሚጠቀሙበትን የሻምፖ ጠርሙስ ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ ከእርስዎ ገለጻ ይልቅ ከጀርባው ጽሑፍ ብዙ ያነባል።

• በመጨረሻም፦ ሱቅ ሲገቡ የፊቱን ሥዕል ይተዉና ጠርሙሱን ያዙሩት። ሽቶ የሌለው፣ ሰልፌት የሌለው፣ ፒኤቹ ለቆዳ የቀረበ፣ የንጥረ ነገር ዝርዝሩ አጭር የሆነውን ያንሡ። ውድ መሆን የለበትም። ሲታጠቡ ካላቃጠለዎ፣ በማግስቱም እጅዎ ወደ ራስዎ ካልሄደ፣ ለእርስዎ የሚሆነው ሻምፖ እርሱ ነው።